ከሻይ ብርጭቆዬ ሥር የቀረው ትንበያ

ይድረስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቤቱን ሙሉ መነጽር ለሚፈልገው፣ ለምወደውና ለማከብረው ለአባቴ።

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ እንዴት ነው? ከዚያች አጭር በርጩማ ስትነሳ አሁንም የሱቁን ግድግዳ ትደገፋለህ? ዓይንህስ? ወንድም ጋሼ የቀኙ ደከም ብሏል ብሎ ጽፎልኛል፤ አንተ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ አጥርቶ ያያል ትላለህ። ከሁለታችሁ ማንን ልመን? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ለቀቅ አደረጋት? አክስቴስ አኩርፋ ነው ወይስ ታርቃ? የቤቱ ሰው ሁሉ፣ የጎረቤቱም ሰው ሁሉ፣ ግድግዳው ላይ እየተሽቀዳደሙ የሚቆጥሩት ሰዓቶችህም ጭምር እንደምን ከረሙ?

እኔ ፈጣሪ ይመስገን ለጤናዬ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬንም ሳላስታጉል እውላለሁ። ደህና ያልሆነው ፊቴ ነው። ሰው ፊት ስቆም የማሳርፍበት አጥቻለሁ። መልስ ያዘገየሁብህም በሥራ ብዛት አይደለም፤ በሐፍረት ነው። የአንተን ስም ይዤ እዚህ አገር ያደረግሁት ነገር አለ። እስኪያልቅ ስማኝና ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ፍረድ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ ለመሆኑ በቀን ሦስት ጊዜ በሬዲዮ የሚያስወራ ምን ነገር ነው ከሰማያችሁ የሚወርደው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ጉዴ የሚጀምረው እዚያው ላይ ስለሆነ ከዚያው ልነሳ። አባዬ፣ እዚህ የማይወርድ ነገር የለም። ካፊያ አለ፤ ዝናብ አለ፤ ዶፍ አለ፤ ነፋስ እያላጋው ጃንጥላን ከሥር የሚመታ ውሽንፍር አለ። በብርዱ ወራት ደግሞ እንደ ተባዘተ ጥጥ ዝም ብሎ ሲወርድ አድሮ ጠዋት በር የሚዘጋ አመዳይ አለ። ከሁሉ የምጠላው ግን ዝናብ ልሁን አመዳይ ልሁን እያለ ሳይወስን መንገድ ላይ የሚረግፈውን ነው፤ ጫማ አይተርፈውም። ከተማዋ ትንሽ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የጡብ ማምረቻ፣ ከጀርባዋ ተራራ፤ በቃ። ሰማይዋ ግን የትልቅ ከተማ ያህል ሥራ አለበት።

እኔ የምሠራባት ሬዲዮ ጣቢያ ከማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ ያለች ሁለት ክፍል ናት። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ በሙሉ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበታል፤ የገባ እንግዳ ሁሉ እንቁላሉን ማን በላው ብሎ ይቀልዳል። አነጋገሬ የአገሬውን ስለማይመስል ዜና አያስነብቡኝም። የአየር ሁኔታ ግን አጭር ነው፣ በማንም አፍ ቢነገር ይገባል ብለው እሱን ሰጡኝ። ቅር አላለኝም። ቢሆንም እውነቱን ልንገርህ፤ ድምፄ በየቤቱ ማዕድ ቤት ይገባል እንጂ እኔን መንገድ ላይ አስቁሞ እንደምን ዋልሽ የሚለኝ አልነበረም። ዳቦ ቤቱ እንኳ፣ ክፍሌ ከእሱ በላይ ሆና፣ ወለሌ በእሱ ምድጃ እየሞቀ፣ ዳቦዬን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር።

ትንበያውን የማወጣው እኔ አይደለሁም፤ ይህን በደንብ ያዝልኝ። የሚያወጡት የአየር ጠባይ ተመልካቹ ሽማግሌ ናቸው። ከተማው አባ ጠብታ ይላቸዋል፤ ከዝናብ መለኪያዋ ቆርቆሮ የመጨረሻዋን ጠብታ ሳያራግፉ ስለማይሄዱ ነው። ከጣቢያችን ጎን በሽቦ የታጠረች ግቢ አለቻቸው። ውስጧ በአራት እግሩ የቆመ ነጭ ሳጥን፣ ነፋስ የሚያዞረው መለኪያና ያቺ ቆርቆሮ አሉ። በጠዋት ይለካሉ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በስልክ ይነጋገራሉ፣ ከዚያ የዕለቱን ትንበያ ሁለት ቦታ ይጽፋሉ፤ አንዱን ለኔ በወረቀት፣ ሌላውን ግቢያቸው በር ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ። ሥራ ስጀምር ካፊያና ዝናብ ለይቼ አላውቅም ነበር። ካፊያ ማለት ጣሪያ ላይ የማይሰማ፣ ትከሻ ላይ ግን የሚታወቅ ነው ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ይህንንም ያዝልኝ።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ። ያን ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ሻይዬን ይዤ ስቱዲዮ ገባሁ። ያለፉ ትንበያዎችን አልጥላቸውም፤ ጠረጴዛው እንዳይበላሽ ለብርጭቆዬ አነጥፋቸዋለሁ። አባ ጠብታ የዕለቱን ወረቀት አምጥተው አስቀምጠውልኝ ሄደዋል። እኔ ሳላይ ብርጭቆዬን ያው የዕለቱ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ቴክኒሻኑ እጁን ሲያነሳልኝ ከጎኑ የነበረውን አንስቼ አነበብኩ። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ በረዶ ይጥላልና ንብረታችሁን ሸፍኑ አልኩ፤ በረጋ ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳልስት። ጨርሼ ሻይዬን ሳነሳ ትክክለኛው ወረቀት ከሥሩ ቁጭ ብሏል። ፀሐያማና ደረቅ ይላል፤ ፀሐያማ የሚለው ቃል ላይ የብርጭቆዬ ክብ ታትሞበታል። ያነበብኩት ያለፈውን ሳምንት ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝም ሆኜ ወረቀትም ይዤ ተገኘሁ።

ያን ጊዜ ማረም ይቻል ነበር። ቴክኒሻኑን ዘፈኑን አቁምልኝና ተሳስቻለሁ ልበል ማለት ብቻ ነበር የሚፈለገው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዚያ ላይ ማን ልብ ይለዋል አልኩ። ፀሐይ ትወጣለች፣ ሰው ጃንጥላውን በከንቱ ተሸክሞ ይውላል፣ ትንሽ ይስቅብኛል፣ ያበቃል። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ሻይዬን ጠጣሁ።

ከምሳ በኋላ ከጡብ ማምረቻው ጭስ ማውጫ ጀርባ ያለው ሰማይ በር እንደ ጨፈለቀው ጥፍር ጠቆረ። መጀመሪያ ሽንብራ የሚያክል፣ ቀጥሎ ለውዝ የሚያክል በረዶ ቆርቆሮውን ሁሉ ይደበድበው ጀመር። ተነጋግሮ መሰማማት አልተቻለም። ችግኝ ሻጭዋ ሬዲዮ ትሰማለች፤ ችግኞቿን በጣውላና በጆንያ ሸፍና ስለነበር አንዲት ቅጠል አልጎደለባትም። ጡብ ሠሪው ግን ሬዲዮ የለውም። ዘወትር እንደሚያደርገው የአባ ጠብታን ሰሌዳ አይቶ፣ ደረቅ ነው ብሎ፣ ያልተተኮሰ ጡቡን ሜዳ ሙሉ ዘርግቶ ነበር። በረዶው ሲያባራ ጡቡ ተመልሶ ጭቃ ሆኗል።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ችግኝ ሻጭዋ ጣቢያችን ድረስ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አለቀሰች። ዳቦ ቤቱ መጣ፣ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ የጣቢያው ኃላፊ ከቢሮው ወጣ። ሰሌዳው ደረቅ ነው እያለ አንቺ በረዶ ማለትሽ ምን አይተሽ ነው ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቀኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄም ኪሴ ውስጥ ወረቀቱን ጨብጦ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሰማይ ማየት ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ የታወቀ ደመና አዋቂ ነው አልኩ።

አባዬ፣ አንተን! ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው ደንበኛ ረጥቦ ሲገባ የሆንከውን አንተን! እማዬ ደጅ የተሰጣውን ልብስ አስገባ ብላህ፣ አንተ እሺ እንዳልክ ወረንጦህን ይዘህ አጎንብሰህ፣ ዝናቡ ዘንቦ ካባራ በኋላ የራሰውን ልብስ በጥንቃቄ አጣጥፈህ ያስገባኸው ትዝ ይልሃል? እሷስ አልረሳችውም። ሰው ፈርቶ ይዋሻል፤ እኔ ግን የዋሸሁት ደስ ብሎኝ ነው። ዳቦ ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አይቶኝ ነበር። ያችን ደስታ ለማቆየት ስል አባቴን ሸጥኩት።

ውሸት አንዴ ከገባ ወንበር ይፈልጋል። ኃላፊው በማግሥቱ ሦስት ደቂቃ ጨመረልኝ፤ የዝግጅቱንም ስም «አባቴ እንዲህ ይላል» አለው። እኔም ቀጠልኩበት። አባቴ ወፍ ዝቅ ብላ ስትበር ጃንጥላ ያዙ ይላል፤ አባቴ ድመት ጀርባዋን ለበር ከሰጠች ውርጭ ይመጣል ይላል፤ እያልኩ ቀበጣጠርኩ። አንተ እንኳን የድመት ጀርባ ልታይ፣ ፀጉሯ ሰዓት ውስጥ ይገባል ብለህ ያችን ምስኪን ከሱቁ ያባረርክ ሰው! የሚገርምህ ያልኩት ሳይሆን ሲቀር ሰው ራሱን ነበር የሚወቅሰው፤ ድመቷን በደንብ አላየናትም ይላል። መንገድ ላይ የማላውቀው ሁሉ እያስቆመ አባትሽ ዛሬ ምን አሉ ይለኛል። አንተን አይተውህ የማያውቁ ሰዎች ጤናህን ይጠይቁ ነበር። እኔም ደህና ነው፣ ያመሰግናችኋል እላለሁ።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ዳሩ ግን የኔ ስም ከፍ ባለ ቁጥር የአባ ጠብታ ስም ወደቀ። ጡብ ሠሪው ግቢያቸው ድረስ ሄዶ፣ በጭቃው እጁ ሰሌዳውን አበሰው፤ ቀጥሎም ነቅሎ ጣለው። እንግዳይቱ ልጅ ያየችውን አንተ ሳታይ የምትቀመጥበት ወንበር ምንድን ነው ብሎ በአንተታ ተናገራቸው። ሲወጡ ሲገቡ አባ ጠብታ ዛሬ ደረቅ ነው ወይ እያለ የሚያሾፍባቸው በዛ። ማዘጋጃ ቤቱም ተሰበሰበና በወሩ መጨረሻ በጡረታ ይሰናበቱ፣ ግቢው ከነመሣሪያው ለልጅቷ ይሰጥ ብሎ ወሰነ። ልጅቷ እኔ ነኝ። ያንን ነጭ ሳጥን ከፍቼ የማላውቅ እኔ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እሳቸው ገና በሕይወት ሳሉ እኔ ስማቸውን ቀበርኩት። ዝም አይነቅዝም የሚሉትንም አትመን። የኔ ዝምታ ከውስጥ ተበልቶ ዱቄት ሆኖብኝ ነበር።

አንድ ቀን አባ ጠብታ እኔ ጋ መጡ። ሊቆጡ የመጡ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢቆጡኝ ምንኛ በቀለለኝ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙና፣ ልጄ፣ አባትሽ ያስተማሩሽን ካልሰሰትሽብኝ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ አሉ። ያን ቀን ማለዳ ውጭ ነበርኩ፤ ደመናውን አየሁ፣ ነፋሱን ለካሁ፣ አንድም ምልክት አላገኘሁም፤ አንቺ ያየሽው ምን ነበር? አዲስ መነጽር አድርገዋል። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብዬ አስለወጥኩት አሉ። ባለቤታቸው የሽማግሌ ዓይን በመነጽር አይመለስም፣ ይብቃህ እንዳለቻቸውም ነገሩኝ።

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ቢኖር ያ ነበር፤ ደግሞም ሰው አጠገባችን አልነበረም። እኔ ግን ምላሴ የለመደውን ያዘ። የምታየው ሳይሆን የምታሸተው ነው አልኳቸው። ከበረዶ በፊት ነፋሱ የነሐስ ሽታ አለው፤ ልክ እንደ አሮጌ ሰዓት ሆድ፣ ዘይትና ነሐስ የተቀላቀለበት ሽታ ነው፤ አባቴ ያለኝ እንዲህ ነው። ከየት አመጣሁት መሰለህ? ከሱቅህ ነው። ልጅ ሆኜ ትከሻህ ላይ ተደግፌ ያሸተትኩትን፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የምወደውን ሽታ አውጥቼ ለውሸት መደለያ አደረግሁት። አባ ጠብታ አመስግነውኝ፣ እጅ ነስተው ሄዱ። አዎ፣ እሳቸው ለኔ እጅ ነሱ።

በማግሥቱ ጠዋት ከስቱዲዮው መስኮት ወደ ግቢያቸው ስመለከት ሽማግሌው መሐል ሜዳ ላይ ቆመዋል። አንገታቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው ያሸታሉ። ከዚያ በእጃቸው የያዙትን ነገር አፍንጫቸው ሥር አድርገው ያሸታሉ፤ ተመልሰው ደግሞ ነፋሱን። ልብ ብዬ ሳይ የያዙት የእጅ ሰዓታቸውን ነው። ሽታውን ለማወቅ ብለው ጀርባውን በሰንጢ ከፍተውታል። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። በሚቀጥለውም። በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ሰው እየተጠቃቀሰ ያያቸዋል፤ ሽማግሌው ለየለት ይላል። ሥራቸውን ዕድሜ ልካቸውን በልክና በሥርዓት የሠሩ ሰው እኔ የፈጠርኩትን ሽታ ፍለጋ አደባባይ ላይ አፍንጫቸውን ይነፋሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ!

ያኔ ነው ያ ያመሰገነህ ሰውዬ ትዝ ያለኝ። የቆመ ሰዓት ይዞ መጥቶ ባንኮኒው ላይ ጣል ሲያደርገው ሰዓቱ ከመንገጫገጩ የተነሳ በራሱ መሄድ ጀመረ። ሰውዬው አንተ ከጥጉ ተነስተህ ስታነሳው ስላየ የሠራኸው መስሎት እጅህ ይባረክ አለህ። አልነካሁትም አልከው። ትሕትና መሰለውና የባሰ አመሰገነህ። አንተም እስከ በሩ፣ ከበሩም እስከ መንገዱ ተከትለኸው አልነካሁትም ብዬሃለሁ እያልክ ሄድክ። እማዬ ምስጋና ያሳክክሃል እንዴ፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት ስትልህ፣ ሰውዬው ሰዓቱ የተሠራ መስሎት ነገ ተማምኖበት ጉዞ ያመልጠዋል አልካት። እኔ ያን ጊዜ እንደ እማዬ ነበርኩ፤ ሰው እንዲህም ያደርቃል ወይ ብዬ ነበር። ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ግን አንድ ከተማ ሙሉ ባልተሠራ ሰዓት ተማምኖ እንደሚሄድ አየሁ።

የዚያን ዕለት የጠዋቱን ትንበያ አንብቤ እንደጨረስኩ ወደ ግቢያቸው ወረድኩ። ከኪሴ ያንን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ዝምታዬ፣ ስለ አንተ። አባቴ ሰዓት ሠሪ ነው፣ ቀና ብሎም አያውቅ አልኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ እንግዲያ ሽታውስ ብለው ነው። የለም አልኳቸው። ምንም? ምንም። የነጩ ሳጥን መወጣጫ ላይ ቁጭ አሉ። ለካ አፍንጫዬ ደህና ነው አሉ፤ ለካ ዓይኔም ደህና ነው፤ ለካ ማንም አላየውም። ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ መነጽራቸውን አውልቀው በእጅጌያቸው ጠረጉ። እርጅና ድንገት የወረደብኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር አሉኝ። አባዬ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የተቆጡት ወረቀቱን ገልብጠው ሲያዩ ነው። የብርጭቆዬን ክብ አዩ። ብድግ አሉ። ጽሕፈቴ ላይ ሻይ ታስቀምጫለሽ ብለው ጮኹብኝ። በውሸቴ ሳይቆጡ በሻይዬ ተቆጡ! ሰውየውን አሁን በደንብ ስለማውቃቸው አልገረመኝም፤ አንተም ወረንጦህን ለሌላ ሥራ ያነሳብህን ሰው እንዴት እንደምታደርገው አውቃለሁ።

የቀትሩ ሥርጭት ላይ ለከተማው ተናገርኩ። ቴክኒሻኑ ዓይኑ ፈጦ ዘፈን ሊያስገባ እጁን ሲልክ አትንካ አልኩት። በረዶ የጣለ ቀን ያነበብኩት ያለፈ ሳምንት ወረቀት ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የነበረው የሥራ ውጤት ነው፣ የኔው ንባብ ግን ስሕተት ነው፤ አባቴም ከሰማይ ጋር ትውውቅ የለውም አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ስሰማ ደስ የሚል ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለተሳሳተ ሰው ግን ንጋቱ ዓይን ይወጋል።

ያን ቀን በዋናው መንገድ ወደ ክፍሌ ስመለስ ፀጉር አስተካካዩ መጋረጃውን ጋረደብኝ። ችግኝ ሻጭዋ አቀርቅራ ችግኝ ታጠጣ ነበር፤ እኔ እስካልፍ አንዱኑ ችግኝ ስታጠጣ ቆየች። ዳቦ ቤቱ ዳቦዬን ሳያየኝ ሰጠኝ፤ እንደ ድሮው። ኃላፊው ሦስቱን ደቂቃ ነጥቆኛል፤ ሊያባርረኝም ነበር። ያስቀሩኝ አባ ጠብታ ናቸው፤ ሌላ አንባቢ እስኪለምድ ደግሞ ስንት ካፊያ ላስተምር ነው አሉት። የጡረታው ነገርም ቀረ። አሁን ሳነብ አጠገቤ ተቀምጠው ወረቀቱን በጣታቸው ይዘውልኝ ነው፤ ብርጭቆ ስቱዲዮ እንዳይገባም በሩ ላይ በትልቁ ጽፈዋል። የሠፈሩ ልጆች ስሜን ቀይረው ብርጭቆ ይሉኛል። ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።

ሰሌዳውን መልሶ የሰቀለው ማን ይመስልሃል? ጡብ ሠሪው ነው። ምስማርና መዶሻ ይዞ መጥቶ፣ ማንንም ሳያናግር መታው። ሲጨርስ አባ ጠብታን፣ ቢሆንም ያን ቀን ተሳስተዋል አላቸው፤ አሁን ግን በአንቱታ ነው። እሳቸውም አዎ ተሳስቻለሁ፣ በረዶ እንዲህ ነው፣ ነገም ልሳሳት እችላለሁ አሉት። ወደ እኔ ዞሮ አየኝና መዶሻውን ይዞ ሄደ። የሱን ጡብ ያፈረሰው በረዶው ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። ግን ጠዋቱኑ ብናገር ኖሮ፣ ወሬው ሜዳው ድረስ ደርሶ፣ ሰውዬው የትኛው ነው ልክ ብሎ ቢጠራጠር፣ ሸራ ያለብስ ነበር ይሆን? ይህ ጥያቄ ከኔ ጋር ይተኛል፣ ከኔ ጋር ይነሳል።

አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ስምህን የወሰድኩት ሳልጠይቅህ ነው፤ የመለስኩትም አቆሽሼ ነው። ያሳፈርኩህ በማታውቀው አገር፣ በማያውቁህ ሰዎች ፊት ነውና ምን ቸገረኝ ልትል ትችላለህ። እኔን ግን አንተ ትዝ ስትለኝ ፊቴ ይቃጠላል።

እማዬን ጉልበትሽን ስማለች በልልኝ፤ የልብሱን ታሪክ ደግሜ ስላነሳሁባት ትስቃለች፣ እኔንም በሳቋ መሐል ይቅር ትበለኝ። ወንድም ጋሼን ስለ ዓይንህ የጻፈውን እንዳመንኩት ንገርልኝ። ባለቤቱን፣ የላከችልኝ ሹራብ እዚህ ካለው ውርጭ ጋር ተጋጥሞ አሸንፏል በላት። ትንሿን የወንድሜን ልጅ፣ በረዶ ይበላል ወይ ላለችው፣ ይበላል፣ ግን ጥርስ ያማል በላት። አክስቴን ማንም ባይታረቃት እኔ ታርቄያታለሁ። የጎረቤታችንን ልብስ ሰፊም እንደምን አሉ በልልኝ፤ ለእሳቸው ግን ይህን ደብዳቤ አታንብብላቸው።

ከደብዳቤው ጋር በጥጥ የተጠቀለለ የእጅ ሰዓት አለ። የአባ ጠብታ ሰዓት ነው። ሽታ ፍለጋ በሰንጢ ከከፈቱት ወዲህ አልሄደም። አባትሽ ሰማዩን ባያውቁ ሰዓቱንስ በእውነት ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው፤ ስለ አንተ እዚህ አገር ካለ ሐፍረት የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነት እሱ ነው። ክፈተውና እየው። የሚድን ከሆነ አድነው፤ የማይድን ከሆነ አይድንም ብለህ ጻፍላቸው። መንገድ ላይ ተንገጫግጮ በራሱ ተነስቶ እየሄደ ከደረሰህ ግን፣ አደራህን አባዬ፣ አልነካሁትም በላቸው።

ልጅህ ብርጭቆ

ከዳቦ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ሚያዝያ ፲፱ ቀን፤ አባ ጠብታ ካፊያ ይጥላል ብለዋል